ሳጥኗ ዋይፋይ አልይዝ ስትል

የልጆች ተረት ማጫወቻ ሳጥን ስክሪን የላትም። የተሠራችውም ለዚሁ ነው፤ ልጅ ዓይኑን ከስልክ አንስቶ በጆሮው ብቻ እንዲሰማ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ቶኒቦክስ ያላት ሁለት ጆሮ፣ አንዲት ትንሽ መብራትና አናቷ ላይ አሻንጉሊት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ትልቁ ጆሮ ድምፅ ይጨምራል፣ ትንሹ ይቀንሳል። የእንግሊዟ ዮቶ ደግሞ ካርድ ትጎርሳለች፤ ፊቷ ላይ ያለው ባለ ነጥብ ማሳያ ከአንዲት ትንሽ ሥዕል የዘለለ አያሳይም። የሦስት ዓመት ልጅ ያለ ማንም እርዳታ ያስነሳቸዋል። ዋይፋይ አልይዝ ያሉ ዕለት ግን ያው ቅለታቸው መከራ ይሆናል። ምኗን እንዳመማት የምትናገርበት አፍ የላትም። ወላጅ ፊት ያለው ብልጭ ድርግም የምትል መብራትና አጠገቡ ቆሞ «ለምን አታወራም?» የሚል ልጅ ብቻ ነው።

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ እነዚህ ሳጥኖች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አብራቸው የምትመጣው ቀጭን መመሪያ የተጻፈችው መብራት ለማይጠፋበት፣ ኢንተርኔት ለማይቆራረጥበት ቤት ነው። ኔትወርክ ምረጡ፣ ፓስወርድ አስገቡ፣ ጨረሳችሁ ትላለች። እኛ ሰፈር ነገሩ እዚያ አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር ሳጥኗ ዋይፋይ የምትፈልገው ለመሙላት እንጂ ለመኖር አለመሆኑ ነው። አዲስ አሻንጉሊት ወይም አዲስ ካርድ ሲቀመጥባት ታሪኩን ከኢንተርኔት አውርዳ ሆዷ ውስጥ ባለ ማህደረ ትውስታ ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ ራውተሩ ቢጠፋ፣ ፓኬጁ ቢያልቅ፣ ገጠር አያት ቤት ብትሄድ ያንኑ ታሪክ ትጫወታለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃ በመጣ ዕለት ጀሪካኑም በርሜሉም ይሞላል፤ በሌለበት ቀን ከዚያ ይቀዳል። ሳጥኗም ጀሪካን ናት። ስለዚህ የምንፈልገው ሃያ አራት ሰዓት የማይቆራረጥ ዋይፋይ አይደለም፤ አንድ የተመረጠ፣ የተረጋጋ ሰዓት ነው። ይህን የያዘ ሰው በየምሽቱ ከመብራቷ ጋር አይጣላም።

ለዚህም ነው ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉትን ነገር እንዳታደርጉ የምለምነው። ሳጥኗ እምቢ ስትል ብዙ ወላጅ ቀጥታ ወደ ፋክተሪ ሪሴት፣ ማለትም ከፋብሪካ እንደወጣች ወደ መመለስ፣ ይሄዳል። ፋክተሪ ሪሴት የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ብቻ ሳይሆን የወረዱትን ታሪኮች ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። ዋይፋይ ባልያዘችበት ቀን የሞላውን ጀሪካን መድፋት ማለት ነው። የዋይፋይ ችግር ያለ ፋክተሪ ሪሴት ይፈታል፤ ሪሴት የመጨረሻው መጨረሻ ይሁን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ጥፋቱ የሳጥኗ ነው ወይስ የቤቱ ዋይፋይ? የሚለው ነው። ይህን በአምስት ደቂቃ የሚለይ መንገድ አለ፤ የስልክ ሆትስፖት። የቤቱን ራውተር አጥፉ። አንድ ስልክ ላይ ሆትስፖት ክፈቱና የሆትስፖቱን ስምና ፓስወርድ ልክ እንደ ቤቱ ዋይፋይ አድርጉት፤ ትልቁ ፊደል ትልቅ፣ ትንሹ ትንሽ፣ ክፍተትም ካለ ክፍተቱ ሳይቀር። ሳጥኗ ቀድሞ የምታውቀውን ስም ስታገኝ ያለ ምንም አዲስ ሴቲንግ ራሷ ትገባለች። ገብታ ማውረድ ከጀመረች ሳጥኗ ጤነኛ ናት፤ ፊታችሁን ወደ ራውተሩ አዙሩ። ካልገባች ደግሞ ራውተሩን ተዉትና የሳጥኗን ጉዳይ ተመልከቱ። ይህን ሳያደርጉ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መነካካት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል።

ሆትስፖቱ ራሱ ሁለት ወጥመድ አለው። አይፎን ከ12ኛው ወዲህ ሆትስፖቱን ብዙዎቹ ሳጥኖች በማይሰሙት የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሊከፍት ስለሚችል፣ ከሆትስፖት ገጹ ላይ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን አብሩት። ሳጥኗ እስክትገባ ድረስም ገጹን አትዝጉት። አንድሮይድ ላይ ደግሞ የሆትስፖቱን ባንድ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሴኩሪቲውን ደብሊውፒኤ2 (WPA2) አድርጉ፤ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ደብሊውፒኤ3 ላይ ተቀምጠው ስለሚመጡ ነው። ማንም ሳይገባበት ሲቆይ ሆትስፖቱ ራሱን በራሱ የሚያጠፋውም አንድሮይድ ነው፤ ያንን ሴቲንግ ለጊዜው አንሱት።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት። ዮቶ ውስጥ ያለው ዋይፋይ የሚይዝ ቺፕ፣ የመጀመሪያዎቹ ቶኒቦክሶች ውስጥ ያለውም እንደዚሁ፣ የሚሰማው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ለሱ የለም። ዛሬ የሚገጠሙት የፋይበር ራውተሮች አብዛኞቹ ሁለቱንም ያሰራጫሉ፤ ችግሩ ሁለቱን በአንድ ስም ማሰራጨታቸው ነው። ስልካችሁ 5ቱን ይዞ ይፈነጥዛል፤ ሳጥኗ ያንኑ ስም አይታ ስታንኳኳ ራውተሩ ወደ 5 ሊገፋት ይሞክራል፣ እሷ ደግሞ መሄድ አትችልም። ከውጭ ሲታይ አንዴ ይዛ አንዴ የምትለቅ፣ ልበ ቢስ ሳጥን ትመስላለች።

መፍትሔው ሁለቱን ስም መለየት ነው። ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ብራውዘር ክፈቱና የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ከሥሩ ያለው ስቲከር ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። የመግቢያው ስምና ፓስወርድም እዚያው ስቲከር ላይ አለ። ከገባችሁ በኋላ ዋይፋይ ወይም ደብሊውላን የሚለው ሥር ባንድ ስቲሪንግ የሚባለውን፣ ዕቃን ወደ 5 የሚገፋውን፣ አጥፉ፤ ለ5ቱ ስም መጨረሻ ላይ 5 ጨምሩበት፣ የ2.4ቱን ስም እንደነበረ ተዉት። የነበረውን ስም ለ2.4 መተው ዋጋ አለው፤ ሳጥኗ የምታውቀው እሱን ስለሆነ እንደገና መግጠም አያሻም።

እዚያው ገጽ ላይ ሳላችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ሞዱ ቢጂኤን (b/g/n) የተቀላቀለ ይሁን። ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን፤ 40 በተጨናነቀ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤትን ከመረበሽና በጎረቤት ከመረበሽ በቀር ለተረት የሚጨምረው የለም። ሦስተኛው ቻናል ነው፤ ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ውስጥ ቻናሎች በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ተደርድረዋል፤ አንድ ራውተር ግን 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ራውተሩ «ኦቶ» ላይ ሲሆን ባዶ ቦታ ፍለጋ 12 ወይም 13 ላይ ሊወጣ ይችላል። አሜሪካ ለገበያ የተዘጋጁ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ 12ን እና 13ን አያዩም፤ እዚያ አገር ተራ ዋይፋይ በነዚህ ቻናሎች ላይ ስለማይሠራ። ከዋሽንግተን በአክስት ሻንጣ የመጣች ሳጥን የዋይፋዩን ስም ጨርሶ አላይ ስትል፣ ያው ስም ስልኩ ላይ አራት መስመር ሞልቶ ሲታይ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ቻናሉን ከኦቶ አውጥታችሁ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ቸንክሩት። ከሦስቱ የቱ ክፍት እንደሆነ አንድሮይድ ላይ በነፃ የሚወርድ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል የስልክ አፕ ያሳያችኋል።

ከአሜሪካ ለመጣች ሳጥን አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፤ ቻርጀሯ ላይ ኢንፑት የሚለውን በማጉያ መነጽርም ቢሆን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ በእኛ 220 ላይ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ክብ እግር ያለው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬታችን ላይ አይሰካ።

ስለ ስምና ፓስወርድ። የቤታቸውን ዋይፋይ በአማርኛ የሚሰይሙ አሉ፤ ደስ ይላል፣ እኔም ብዙዎቹን እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት አይበልጥም። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም፤ ስሙን ስልክ በትክክል ሲያነበው ትናንሽ ዕቃዎች ደግሞ ሊያበላሹት ይችላሉ። ፓስወርዱማ ከነጭራሹ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ከ8 እስከ 63። ሳጥኗ እስክትገባ ስሙንም ፓስወርዱንም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጉት። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርጋል፤ ቃል ጠቁሞ ሲሞላላችሁም መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍተት ይተዋል። ስቲከሩ ላይ ያለውን ዜሮ ከኦ፣ አንድ ቁጥርን ከኤል መለየት ደግሞ የዓይን ፈተና ነው። ፓስወርድ የሚታይበትን የዓይን ምልክት ተጭናችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት።

የአገጣጠሙ ሂደት ራሱ ብዙ ሰው የሚሸነፍበት አንድ ቦታ አለው። ቶኒቦክስን ስንገጥም ሁለቱን ጆሮዎች አንድ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ጨብጠን፣ ድምፅ ሰጥታ መብራቷ ሰማያዊ ብልጭ ማለት ስትጀምር፣ ራሷ ትንሽ ዋይፋይ ትከፍታለች። ስልካችንን በዚያ ዋይፋይ እናገናኘዋለን፤ የቤቱን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ የምንነግራት በዚያ በኩል ነው። አሁን የስልኩን ስክሪን በደንብ ተመልከቱ። ሳጥኗ የከፈተችው ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም። ስልኩ ይህን ሲያውቅ «ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም፤ ትቆያለህ?» የሚል ትንሽ መልእክት ከላይ ብቅ ያደርጋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ መልስ ካጣ ማንንም ሳያማክር ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። እናንተ ከሳጥኗ ጋር እየተነጋገራችሁ ያላችሁ ይመስላችኋል፤ ስልኩ ግን ትቷት ሄዷል። ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም መሽከርከር ብቻ።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሞባይል ዳታውን አጥፉ። ቪፒኤን ካለ አጥፉ፤ ለሌላ ጉዳይ ከፍቶት የረሳው ሰው ብዙ ነው። አንድሮይድ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለውን «ኦፍ» አድርጉ። ያ መልእክት ብቅ ሲል ደግሞ «አዎ፣ እቆያለሁ» በሉት። ዮቶ በሌላ መንገድ፣ በአፑና በብሉቱዝ ነው የምትገጠመው፤ እሷ ላይ ደግሞ ከአንድሮይድ 12 በፊት ያሉ ስልኮች የሎኬሽን ፈቃድ ካልተሰጣቸው ብሉቱዝ ዕቃ አያዩም። ሎኬሽን ማብራት ከተረት ሳጥን ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚዘለው ሰው ሳጥኗን በአፑ ላይ አያገኛትም።

በሆትስፖት ልትገጥሟት ከሆነ ሁለት ስልክ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሆትስፖቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ሳጥኗን ያናግራል። አንድ ስልክ ሁለቱን አይችልም።

የስልኩ ቀንና ሰዓትም ይታይ። በየቤቱ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ስልክ አለ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን 2:00 የሚል። ዓመቱንም በእኛ ዘመን የሞላ አለ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ አገልግሎቶች መታወቂያቸውን የሚያሳዩት የሚጸናበት ቀን በተጻፈበት ሰርተፍኬት ነው። ስልኩ በ7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ያ መታወቂያ ገና ያልተሰጠ መስሎ ይታየውና አፑ አልገባም ይላል። ቀኑን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ አድርጉት፣ ዞኑን አዲስ አበባ፤ በእኛ ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ከላይ የሚቀመጥ የኢትዮጵያ ሰዓትና ካላንደር አፕ አለ።

ወደ ቤቱ እንግባ። በአብዛኛው ቤት ራውተሩ ሳሎን ነው፤ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ ያምራል፣ ግን ራውተሩ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ሲግል ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱም ራሱን ያጠፋል። ከቴሌቪዥን ጀርባ መሆኑ ደግሞ ከብረትና ከመስታወት ኋላ መደበቅ ነው። የልጆቹ ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከብሎኬት ግድግዳ ባሻገር ነው። መሐል ላይ ምን አለ? ኩሽና አጠገብ የተደረደረው የውሃ በርሜል። 2.4 ጊጋኸርዝን ውሃ አጥብቆ ይውጠዋል። ሁለት ሙሉ በርሜል በራውተሩና በሳጥኗ መሐል ሲቆም የግንብ ያህል ይከለክላል። ውሃ በመጣ ማግሥት ዋይፋዩ ከደከመና በርሜሉ ሲጎድል ከዳነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ያለው ግቢ ከሆነ ደግሞ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያለች ሳጥን ከዋናው ቤት ዋይፋይ ብዙም አትጠብቅ፤ ቆርቆሮ ሞገዱን መልሶ ይተፋዋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ስልኩን ሳጥኗ በምትቀመጥበት ቦታ፣ አልጋው አጠገብ፣ አስቀምጡና በዋይፋይ አናላይዘሩ የ2.4ቱን ጉልበት አንብቡ። ቁጥሩ ኔጋቲቭ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን ትታችሁ አንብቡት። ከ67 ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ 55 ወይም 60፣ በጣም ጥሩ። 75 ላይ ያቃስታል። 80 ካለፈ ተዉት። የሳጥኗ አንቴና ከስልካችሁ አንቴና የደከመ መሆኑንም አስቡ፤ ስልኩ ሁለት መስመር ካሳየ ለሷ አንድም ላይደርሳት ይችላል። ራውተሩን ከፍ አድርጎ ኮሪደሩ አፍ ላይ መስቀል ኤክስቴንደር (የዋይፋይ ማራዘሚያ) ከመግዛት ይቀድማል። እሱም ካልሆነ ሳጥኗን አንሥታችሁ ራውተሩ አጠገብ አድርጓትና እዚያው ሙሏት። ስትጠግብ ወደ አልጋው ትመለሳለች። ሰዎች ይህን ይረሱታል፤ ሳጥኗ እኮ እጀታ ያላት ያህል ለመሸከም ቀላል ናት።

በኮንዶሚኒየም አንድ መስመር ለሁለት ለሦስት ቤት መከፋፈል የተለመደ ነው፤ ወጪውን ይካፈላሉ። እዚህ ላይ የማይታዩ ሦስት መዝጊያዎች አሉ። አንደኛው የማክ አድሬስ (የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር) ማጣሪያ ነው። የመስመሩ ባለቤት ያልከፈለ እንዳይገባ ብሎ የተፈቀዱ ስልኮችን መዝግቧል፤ ሳጥኗ ግን አልተመዘገበችም። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ ግን አትገባም። የሳጥኗን ማክ አድሬስ ከአፑ ወይም ከሥሯ አውጥታችሁ ለባለቤቱ ንገሩት። ሁለተኛው የዕቃ ቁጥር ገደብ ነው፤ በኪስ የሚያዙት ማይፋዮች ብዙዎቹ ከ10 ዕቃ በላይ አይቀበሉም፣ እንግዳ በበዛበት እሑድ ሳጥኗ ውጭ ትቀራለች። ሦስተኛውና አስቸጋሪው ሁለተኛ ራውተር ነው። ከታች ቤት በኬብል ተስቦ እናንተ ቤት ሌላ ራውተር ላይ ሲሰካ፣ ሁለቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ከጠሩ ይጋጫሉ፤ ስልኩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም ወይም እየመጣ ይሄዳል። የእናንተን ራውተር አድራሻ 192.168.2.1 አድርጉትና ኬብሉን ዋን (WAN) በሚለው ቀዳዳ ሰኩት። ወይም ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ (DHCP) አጥፍታችሁ፣ አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጋችሁ፣ ኬብሉን ከላን (LAN) ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩት። ሁለቱን መንገድ ግማሽ ግማሽ አድርጎ መቀላቀል ነው ቤቱን ሁሉ የሚያናጋው።

ለበዓል ሎጅ ይዛችኋት ብትሄዱ የክፍል ቁጥርና ስም በብራውዘር ገጽ የሚጠይቅ ዋይፋይ አይሆናትም። ገጽ የምትከፍትበት ስክሪን የላትም። እዚያ ሆትስፖት ብቻ።

የመብራትን ነገር ሳላነሣ ብቀር ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የፋይበር ራውተር ተነሥቶ መስመሩን እስኪይዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሳጥኗ ግን በባትሪ ስለምትሠራ ከሱ ቀድማ ፈልጋ፣ አጥታ፣ ተስፋ ቆርጣ ትቀመጣለች። መብራት ከመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ሳጥኗን አጥፍታችሁ አብሯት፤ ብዙ ጊዜ ይኸው በቂ ነው። የራውተሩን መብራቶችም እዩ። ፖን (PON) የሚለው ሳይርገበገብ አረንጓዴ መሆን አለበት። ሎስ (LOS) የሚለው ቀይ ከሆነ ፋይበሩ ብርሃን አላገኘም፤ ቤት ውስጥ የምትነኩት ነገር የለም፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ የምትደውሉት 994 ነው። በመዳብ መስመር ለሚጠቀሙ ክረምት ሲገባ መገጣጠሚያው ውሃ ከጠጣ ዲኤስኤል የሚለው ይርገበገባል፤ መደበኛ ስልኩን አንሥታችሁ ስትሰሙ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ምክንያቱ ያ ነው።

ምሽት ላይ ደግሞ ምጣድ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ብሎክ አምስት ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ ቮልቱ ይወርዳል፣ ለአፍታም ይቆረጣል። አምፖሉ ጭል ብሎ ሲመለስ እናንተ አታስተውሉትም፤ ራውተሩ ግን ጠፍቶ ተነሥቷል፣ የሳጥኗም ማውረድ ከመሐል ተቋርጧል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይህን ያስቆማል። ስትገዙ የራውተሩ አስማሚ ላይ አውትፑት የሚለውን አንብቡ። 12 ቮልት ለሚፈልግ ራውተር 12፣ 9 ለሚፈልግ 9፣ 5 ለሚፈልግ 5። አምፔሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን። 5 ቮልት የሚፈልግ ማይፋይ ላይ የ12 ቀዳዳ መሰካት ማይፋዩን መግደል ነው።

ስለ ፓኬጅ ያለው ፍርሃት ከልክ ያለፈ ነው፤ ሒሳቡ ይኸውና። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ተረት 57.6 ሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት 17 ሰዓት ያህል ተረት ያወርዳል። ፍጥነቱ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ የአንድ ሰዓቱ ተረት 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ 200 ኪሎቢት ላይ ከወደቀ ግን 38 ደቂቃ። ሰፈሩ ሁሉ ስልክ ላይ በተቀመጠበት ከምሽቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ማውረድ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞክሩት። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም ያለው ሰው በዝቷል፤ ሁለቱንም በሳጥኗ ክፍል ሞክሩና በመስኮቱ በኩል የተሻለ የሚይዘውን ለሆትስፖቱ ምረጡ። «ተገናኝቷል ግን ኢንተርኔት የለም» ሲላችሁ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ቀሪ ሒሳቡን እዩ፤ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ነው።

ስትሞሏት ቻርጀሯ ላይ ትሁን። ሶፍትዌሯን ማደስ ያለባት ከሆነ በደከመ ባትሪ አትጀምረውም፣ ዋይፋይ የሚይዘው ቺፕም ሲሠራ የሚስበው ኃይል ከፍ ስለሚል ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ሳጥን ከመሐል ትጠፋለች። ልጁ አሻንጉሊቱን እያነሣ እየመለሰ የሚጫወትባት ሰዓትም አይሁን።

እነዚህ ሳጥኖች የራሳችንን ድምፅ መቀበል መቻላቸው ለእኛ ትልቁ ነገር ነው። ሻንጣ ውስጥ የመጡት ታሪኮች በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ናቸው። ቶኒቦክስ ላይ ክሪዬቲቭ ቶኒ የሚባለው አሻንጉሊት እስከ 90 ደቂቃ የራስ ቅጂ ይይዛል፤ ዮቶም ባዶ ካርዶች አሏት። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ፣ ልጁ «የላም በረት» ሲመልስ፣ በስልክ ቀድቶ በአፑ መጫን ይቻላል። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ስልኩን ከአያት አፍ አንድ ክንድ ያህል አርቆ፣ ከጣሪያው ላይ ዝናብ በማይወርድበት ሰዓት። ቅጂው መጀመሪያ ከስልክ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሳጥኗ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ዳታ ይበላል፣ መውጣቱም ከመውረዱ ይዘገያል። ስልኩ ላይ መጫኑ መጠናቀቁን ሳታዩ ሳጥኗን «አልሰማ አለች» አትበሏት።

ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ወደ አገር ቤት ልትወጡ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት፣ ማለዳ፣ ሳጥኗን ራውተሩ አጠገብ ቻርጀር ላይ አድርጋችሁ አሻንጉሊቶቹን ወይም ካርዶቹን አንድ በአንድ አስቀምጡ። ታሪኩ መጫወት ስለጀመረ ብቻ አታንሷት፤ እየወረደ ጎን ለጎን ሊጫወት ስለሚችል የመጀመሪያው ምዕራፍ መሰማቱ የመጨረሻው መግባቱን አያሳይም። ሁሉም ካለፈ በኋላ ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የስልኮቹን ሆትስፖት አጥፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን አሻንጉሊት አስቀምጣችሁ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ዝለሉና ስሙት። የተሰማው ገብቷል። ያልተሰማውን ለይታችሁ አስቀምጡና ራውተሩን መልሳችሁ ሰኩት።